አሥራ አንዱ አንዶች

የመጀመሪያ ደመወዜን የበላሁበት የሞላሌ ትምህርት ቤት የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር የድሮ መምህራንን ከያሉበት ጠራ፤ እኔንም ከደብረ ብርሃን መኪና ልከው ወሰዱኝ። ድንኳን ተጥሏል፣ በግ ታርዷል፣ ድምፅ ማጉያው ይጮሃል። ከንግግሩ በኋላ አንድ ወጣት የሒሳብ መምህር አጠገቤ ተቀመጠና፣ «እትዬ የሺ፣ በእናንተ ጊዜ ያለ ካልኩሌተር እንዴት ነበር የምታስተምሩት?» አለኝ። ለጨዋታ ያህል ስልኩን እንዲያወጣና 1ን አሥራ አንድ ጊዜ አከታትሎ እንዲጽፍ ነገርኩት። ጻፈ። «አሁን ምን ምን ቁጥር እኩል እንደሚከፍለው ጠይቀው» አልኩት። ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ መልሼ ሳልጨርስ ሁለቱን ቁጥሮች አሳየኝ። ልጁ ይስቃል፤ እኔ ግን ውሃ ጠየቅሁ። ለእነዚያ ሁለት ቁጥሮች ስንት ቀን እንደተጨነቅን፣ በእነሱ ሰበብ ማን ሊሄድ እንደነበር እዚያ ሁካታ ውስጥ እንዴት አድርጌ ልንገረው።

ወደ ሞላሌ ስመደብ ገና ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። ከጭነት መኪና ላይ የወረድኩት በነጭ የሸራ ጫማና እግሩ በሰፋ ሱሪ ነበር፤ ሳምንት ሳይሞላኝ ብርዱ ልክ አስገባኝና ጥቁር የመንዝ በርኖስ ገዛሁ። ያኔ ደህና በርኖስ በሃያ ብር ይገኛል፤ ሙክት በሠላሳ። የተከራየሁት ቤት በወር ስድስት ብር ነበር፤ ጣሪያው ከጓሳ በመጣ ሣር የተከደነ፣ ጠብታ የማያሳልፍ። ዛሬ ያ ሁሉ ቆርቆሮ ሆኗል። ከገበያው ወደ ትምህርት ቤቱ በሚወስደው መታጠፊያ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናውን ደጅ አውጥቶ ይሰፋ ነበር፤ ከጎኑ ጠላ ቤት፣ ከጠላ ቤቱ መስኮት ላይ በትልልቅ ባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ። ሬዲዮው ጠዋት ማርሽ፣ ከሰዓት ማርሽ ነበር። አልፎ አልፎ ብቻ ስለ ፍቅር የሚዘፍን አንድ ድምፅ ያመልጠዋል፤ ያን ጊዜ ልብስ ሰፊው እግሩን ከመርገጫው ላይ አንስቶ ያዳምጣል። የዚያን ዘመን ሽታ ብጠየቅ የጠመኔ ብናኝና የረጠበ የበግ ጠጉር ነው የምለው፤ ክረምት አርባ ልጅ በርኖሱን እንደለበሰ ክፍል ሲገባ ቤቱ በረት በረት ይሸት ነበር። ዘመኑ ምን እንደነበር መዘርዘር አልፈልግም፤ የኖረበት ያውቀዋል። ወረቀት የሚያስፈራበት ዘመን ነበር ልበልና ልለፈው።

የትልልቆቹን ክፍሎች ሒሳብ የሚያስተምሩት መምህር ጌታነህ የሃምሳ ዓመት ሰው ነበሩ። ቀጭን፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ የካኪ ኮታቸው ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ። ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ልጅ አልወለዱም። ሌላው መምህር ከሥራ በኋላ ካርታ ይጫወታል ወይም ጠላ ቤት ይቀመጣል፤ እሳቸው ግን ደብተራቸውን ይዘው ከአንዶች ጋር ነበር የሚያመሹት። አንድን ብቻ እየደጋገሙ ጽፈው የሚወጣውን ቁጥር ማን ማን እኩል እንደሚከፍለው መፈለግ ነው ሥራቸው። አንድ ቅዳሜ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቅን እንዲህ ብለው አስረዱኝ።

«ሁለት አንዶች አሥራ አንድ ናቸው። ይህ ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከራሱና ከአንድ በቀር እኩል የሚከፍለው የለም። ሦስት አንዶችን ሦስትና ሠላሳ ሰባት ይከፍሏቸዋል። አምስቱን አርባ አንድና ሁለት መቶ ሰባ አንድ። ሰባቱን ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝና አራት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ። አሥራ አንዱ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስድስት ሺህ ድረስ ያሉትን ሁሉ ሞከርኩ፤ አንዱም አይከፍለውም።»

«ጨርሶ የሚከፍለው ባይኖርስ?» አልኳቸው።

«ያም መልስ ነው፤ ግን ለማወቅ መቶ አምስት ሺህ ድረስ መሄድ አለብኝ» አሉና ሳቅ አሉ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አላየሁም።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በሁለተኛው እሑድ የቀበሌው ጥበቃዎች የመምህራንን ቤት ፈተሹ። የኔን ሣጥን ገልብጠው ሁለት ፎቶግራፍና አንድ የእናቴን ደብዳቤ አይተው መለሱልኝ። ከመምህር ጌታነህ ቤት ግን ሰባት ደብተር ሙሉ ቁጥር አገኙ። በየገጹ አናት ላይ አሥራ አንድ አንዶች ቆመዋል፤ ከሥራቸው የማካፈል መሰላል፣ ከመሰላሉ ግርጌ የተከበበ ቀሪ። ደብተሮቹንም እሳቸውንም ወሰዱ። ያስገቧቸው ቀድሞ ጨው ይሸጥበት በነበረ መጋዘን ነው።

ሰኞ ጠዋት እኔ ተጠራሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር በላይነህ ይባላል፤ ወታደር የነበረ፣ አንድ እግሩን ሸፈፍ የሚያደርግ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው። ዕድሜው ከኔ ብዙ ቢበልጥም እስከ ዛሬ ስለሱ ሳወራ አንቱ ልለው አልቻልኩም። ደብተሩን ወደኔ አዞረና ጣቱን አንዶቹ ላይ አሳረፈ።

«ጓዲት የሺ፣ እነዚህ አሥራ አንዱ እነማን ናቸው?»

መጀመሪያ ጥያቄው አልገባኝም። ሲገባኝ እጄን በርኖሴ ውስጥ ደበቅሁ። «ሰዎች አይደሉም፤ አንድ ቁጥር ነው» አልኩት።

«አንድ ቁጥር ከሆነ ስንት ነው?»

«አሥራ አንድ ቢሊዮን፣ አንድ መቶ አሥራ አንድ ሚሊዮን፣ አንድ መቶ አሥራ አንድ ሺህ፣ አንድ መቶ አሥራ አንድ።»

«ሞላሌ ውስጥ ይህን ያህል ምን ያለው ሰው አለ?»

«የምንም ቁጥር አይደለም። ዝም ብሎ ቁጥር ነው።»

«ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ቁጥር አይጽፍም» አለ። ገጹን ገለጠ። «ይህ የተከበበውስ? ቀን ነው? የቤት ቁጥር ነው?»

የማካፈል ቀሪ እንደሆነ፣ መምህሩ የሚፈልጉት ቀሪ የማያስቀር አካፋይ እንደሆነ፣ እስካሁን እንዳላገኙት አስረዳሁት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «እኔ አምስተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። ከመጽሐፉ ጀርባ የሁሉም ጥያቄ መልስ ነበር። መልስ የሌለው ሒሳብ አላውቅም። አርብ ቀትር ላይ የጭነት መኪናው ይመጣል። ሒሳብ ከሆነ እስከዚያ መልሱን አምጪ፤ ካላመጣሽ እሱም ደብተሩም ወደ ላይ ይሄዳሉ።» ልወጣ ስነሣ ጨመረበት። «የጻፈውን ማንበብ የምትችዪው አንቺ ብቻ ነሽ። ይህንንም ይጠይቁኛል።»

አንድ የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ የኮምፒውተር ሥራ ይሠራል። ይህን ታሪክ ስነግረው ዛሬ የባንክ ምስጢር ሁሉ የሚቆለፈው ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን አባዝቶ ነው፣ ቁልፉም እነሱን መልሶ መለየት መቻል ነው አለኝ። ስለዚህ ያ ሰው ቁጥር ምስጢር ሊይዝ ይችላል ብሎ መጠርጠሩ ከንቱ እንዳልነበር ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ ግን የማውቀው፣ ወደ ላይ የተጫነ ሰው ስለመመለሱ አንድም ወሬ ሰምተን እንደማናውቅ ብቻ ነው።

ወሬው እስከ ማክሰኞ ድረስ ከተማውን አዳረሰ። አሥራ አንድ ሰዎች እየተፈለጉ ነው ተባለ። ጠላ ቤት ያለው ሰው በጣቱ እየቆጠረ ይገምታል፤ ልብስ ሰፊው እንደ ታመመ አስወርቶ የስፌት መኪናውን ወደ ውስጥ አስገባ፤ ሁለት መምህራን ሰላምታዬን ሳይመልሱ በሌላ መንገድ ዞሩ። ከአሥራ አንዱ አንዷ እኔ መሆኔን ማንም አልተጠራጠረም። ከሌሎቹም የደብሩ መሪጌታ ክንፈ ስማቸው ይጠራ ነበር፤ ከመምህር ጌታነህ ጋር ስለ ቁጥር ሲጨዋወቱ የሚያያቸው ብዙ ነበርና።

ማክሰኞ ከሰዓት እትዬ አስካለ ቤቴ መጡ። ለባለቤታቸው በሶና ጠላ አድርሰው መመለሳቸው ነው። አገልግሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ማንበብ አይችሉም፤ የተነገራቸውን ግን አንዲት ቃል ሳይጥሉ ነው የሚያደርሱት።

«ጥበቃው ከአጠገባችን አልተነሣም፤ ስለ ቤት ብቻ አውሩ ብሎናል። እሳቸውም፣ ‹ለወይዘሪት የሺ ንገሪያት፤ የባናዋን ድር ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት እየቆጠረች ትዝለል፤ ሁልጊዜ በላዩ አንድ ትጨምር፤ ሌላውን ትተወው› አሉኝ። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ይህን የሱፍ ባና የምታሠሪው ለማን ነው፣ ልጄ?»

«ባና አላሠራም፣ እትዬ።»

ተያየን። ፊታቸው ሲገረጣ አየሁ። ባላቸው የታሰሩት ቁጥር ጽፈዋል ተብለው ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሳያውቁት በጥበቃው ፊት ቁጥር ተሸክመው ወጥተዋል። «ምን አስደረጉኝ?» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው።

እሳቸው እዚያው እንደተቀመጡ ወረቀት አወጣሁ። ያን ቅዳሜ የነገሩኝን አካፋዮች ጻፍኩ፤ የአምስቱን አንዶች አርባ አንድና ሁለት መቶ ሰባ አንድ። ‹አንድ ትጨምር› ያሉትን ገልብጬ ከየቁጥሩ አንድ ቀነስኩ። አርባ፣ ሁለት መቶ ሰባ። ሁለቱም በአሥር ይከፈላሉ፤ አሥር የአምስት እጥፍ ነው። የሰባቱን ሞከርኩ። ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት፣ አራት ሺህ ስድስት መቶ አርባ ስምንት፤ ሁለቱም በአሥራ አራት ይከፈላሉ፤ አሥራ አራት የሰባት እጥፍ ነው። እንግዲህ የአሥራ አንዱን አንዶች የሚከፍል ካለ፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት እየተዘለለ አንድ ሲጨመርበት ከሚገኙት መካከል ነው ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ከደብተር ጋር ያላዩትን፣ ወረቀት በሌለበት ጨለማ ቤት ውስጥ በሁለት ቀን አዩት። እርግጥ ማረጋገጫ አልነበረኝም። ከሁለት ምሳሌ የተነሣ ግምት ነው፤ ግምቱ ስህተት ከሆነ እውነተኛውን አካፋይ ዘልዬው አልፋለሁ። ለእትዬ አስካለ ግን፣ «ገብቶኛል፤ አይጨነቁ» አልኳቸው።

ስድስት ሺህ ድረስ ስለ ተሞከረ ከስድስት ሺህ ሰባት ጀመርኩ። በሦስት፣ በአምስትና በሰባት የሚከፈሉትን ጥዬ እንኳን እስከ መጨረሻው ከሁለት ሺህ በላይ ቁጥሮች ይቀራሉ። ብቻዬን ለወር ይበቃል። ረቡዕ ከትምህርት በኋላ መሪጌታ ክንፈ ቤት ሄድኩ። የባሕረ ሐሳብ ሰው ናቸው፤ ጾሙም በዓሉም በየዓመቱ መቼ እንደሚውል አስልተው ለደብሩ የሚያወጡት እሳቸው ነበሩ።

«መሪጌታ፣ ትልቅ ቁጥር ማካፈል ይችላሉ?»

«መግደፍ እችላለሁ» አሉ። «ዓመተ ዓለሙን አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ ዘጠኝ እየቀነስን እንገድፍና ተረፉን እንይዛለን። ስንት ጊዜ እንደገደፍን ማንም አይጠይቀንም።»

ነገሩን ሁሉ ነገርኳቸው። ከአሥራ አንዱ አንዱ እሳቸው ናቸው እየተባለ መሆኑን፣ እኔ እዚህ ስገባም ሰው እንዳየኝ አልደበቅኋቸውም።

«ሰምቻለሁ» አሉና መጽሐፋቸውን አጥፈው ቦታ ለቀቁልኝ። «ተቀመጪ። ይህ ቁጥር እኮ ከአንድ በቀር ሌላ የለውም። የተረፈውን ይዘሽ ከጎኑ አንድ ጻፊ፣ ግደፊ፤ ደግሞ አንድ ጻፊ፣ ግደፊ። አሥራ አንዱ አንዶች ሲያልቁ ምንም ካልተረፈሽ እሱ ነው። ድርሻውን ምን ያደርግልሻል?»

እኔ በተማርኩት ረጅም መንገድ አንዱን ስጨርስ እሳቸው ሦስት ይጨርሱ ነበር። መንገዳቸውን ያዝኩ። አንዱን ቁጥር እኔ፣ ተከታዩን እሳቸው እየወሰድን ያን ከሰዓት፣ ሐሙስንም ከትምህርት በፊትና በኋላ ሠራን። መሪጌታ በብዕር፣ እኔ በስክሪፕቶ። ከበጎች ደወልና ከወረቀቱ መንኮሻኮሽ በቀር ድምፅ የለም። አንዴ አንድ ጥበቃ በር ላይ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ተመለከተንና ሄደ። አሥር ሺህን አለፍን። አሥራ አምስት ሺህን አለፍን። ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ሃያ አምስት ሺህ ደርሰናል፤ ሁሉም ቀሪ አላቸው። ጣቶቼ ከብርዱ ደንዝዘው ስክሪፕቶውን መያዝ አቃታቸው። ገና ሰማንያ ሺህ ይቀራል። ማልቀስ ጀመርኩ። መሪጌታ አላባበሉኝም፤ ወረቀቶቹን ሰብስበው፣ «ሂጂና ተኚ፤ ያንቺን እኔ አያቸዋለሁ» አሉኝ።

አርብ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። መሪጌታ ናቸው፤ ጋቢያቸው ላይ ውርጭ ተጋግሯል። ወደ ቤት ሳይገቡ አንድ ወረቀቴን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ይህን ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኙን የገደፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ። አንድ ሺህ ተረፈ ይላል።»

«ድፍን አንድ ሺህ። ተረፉ ቅር አሰኘኝና እንደገና ሠራሁት። እዚህ ጋ ከሰማንያ አራት ሺህ አራት መቶ ሠላሳ አንድ ስድሳ አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ሰባት ሲነሣ ስንት ይቀራል?»

ቀነስኩ። አሥራ ዘጠኝ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ አራት። እኔ የጻፍኩት አምስት መቶ ሰማንያ አራት ነው። አንዲት መቶ። መቶዋን አርሜ የመጨረሻውን አንድ ጻፍኩና ገደፍኩ፤ ምንም አልተረፈም። የበሩ መድረክ ላይ ተቀመጥኩ። መልሱን ካገኘሁት አንድ ሌሊት ሙሉ ሆኖኝ ነበር፤ በደነዘዘ ጣት ቀብሬው ወደ ፊት እየሄድኩ ነበር። እሳቸው ባይመለሱበት ኖሮ መኪናው ሰው ይጭን ነበር።

«ማን እንዳገኘው ከጠየቁ አብረን ነው» አሉ መሪጌታ። ከዚያ ወዲያ ስለ ስህተቴ አንድም ቀን አላነሡብኝም።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። ሰው የመጣው የአሥራ አንዱን ስም ሊሰማ ነው፤ አንዳንዱም እሱ መኖሩን አለመኖሩን ሊያውቅ። እትዬ አስካለ ከኋላ ቆመዋል። ለጎልማሶች ትምህርት የተሠራ ሰሌዳ ከፊት ቆሟል። ሁለቱን ቁጥሮች ጻፍኩ፤ አምስት መቶ አሥራ ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ፣ ከሥሩ ሃያ አንድ ሺህ ስድስት መቶ አርባ ዘጠኝ። «ሁለቱ ሲባዙ አሥራ አንዱን አንዶች ይሰጣሉ» አልኩ። ላባዛ ጠመኔውን ሳነሣ ሊቀመንበሩ ተነሥቶ ከእጄ ወሰደው።

«እኔ አባዛዋለሁ።»

አምስቱን መስመሮች ለማውጣት ብዙ ቆየ። በየቁጥሩ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የማባዛት ሠንጠረዡን ከልጅነቱ እየጠራ እንደነበር ያስታውቅ ነበር። አምስቱንም ትክክል አወጣቸው። ከዚያ ከቀኝ ጀምሮ መደመር ያዘ። አንድ ጻፈ። ቀጥሎ አንድ። ቀጥሎ አንድ። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳን ጠፋ። አራተኛው ዓምድ ላይ ቆመ፣ በጣቱ ቆጠረና ሁለት ጻፈ።

ዞሮ አየኝ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ ሰማሁ። ያን ሰው በሕዝብ ፊት ተሳስተሃል ያለው ማንም አልነበረም፤ ዝም ማለት ግን አልችልም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣» አልኩ፤ ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ፣ «ዘጠኝ ሦስት ጊዜ ሃያ ሰባት ነው። ሦስቱ ሲጨመር ሠላሳ። በእጅዎ የያዙት ስንት ነበር?»

ሦስተኛውን ዓምድ በጠመኔው እየነካ መልሶ ደመረ። «አንድ» አለ። «እኔ ሁለት ያዝኩ።» ሁለቱን በመዳፉ አጠፋና አንድ ጻፈ። ከዚያ በኋላ ማንንም አላየም። አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለ ግራው ጫፍ ድረስ ሄደ። ሲጨርስ ከመጀመሪያው ተነሥቶ በጠመኔው ጫፍ ቆጠራቸው። አሥራ አንድ ናቸው።

«እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማን ሰጠሽ?» አለ፣ ወደ ሰሌዳው እንደዞረ።

«አካፍለን አገኘናቸው።»

«እነማን?»

መሪጌታ ክንፈ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔና እሷ። ሦስት ቀን ነው የፈጀብን። ወረቀቱ ይኸው፤ የተረፈውም የሳትነውም አለበት።» መቶ የሚሆን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አገላበጠ። ውጭ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ መንገድ በኩል፣ የመኪና ድምፅ ይሰማ ጀመር። ጭንቀቱን ያኔ ነው ያየሁት፤ ላቡ ከቆቡ ሥር ወርዷል። «ይህን ሰው ለቅቄ ነገ ሌላ ነገር ሆኖ ቢገኝ የምጫነው እኔ ነኝ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ለኛ ብቻ። ከዚያ ጸሐፊውን ጠርቶ ማባዛቱን ሰሌዳው ላይ እንዳለ ወረቀት ላይ አስገለበጠው፤ ራሱ ፈረመ፣ እኔን አስፈረመ፣ መሪጌታን አስፈረመ። ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ እያነከሰ ወደ መጋዘኑ ሄደ። እኛም ተከተልነው። መኪናው ገበያው ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል።

መምህር ጌታነህ ብርሃኑ ዓይናቸውን ወግቷቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ወጡ። ጢማቸው አድጓል፤ ኮታቸው በጨው ነጥቷል። ሊቀመንበሩ፣ እስከዚያ ቀን አንተ ሲላቸው የነበረው፣ «መምህር፣ ይሂዱ፤ መልሱ ተገኝቷል። ሁለቱ ቁጥሮች እኮ…» ብሎ ሊነግራቸው ጀመረ።

መምህር ጌታነህ እጃቸውን አነሡ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እባክዎ አይንገሩኝ። እዚህ ሆኜ በቃሌ ዘጠኝ ሺህ ደርሻለሁ።»

ሊቀመንበሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ዞረና ወደ አዳራሹ ተመለሰ፤ በኋላ ጸሐፊው እንደነገረኝ ሰሌዳውን በእጅጌው ሙልጭ አድርጎ አጠፋው። መኪናው ያን ቀን የጫነው ድንችና ገብስ ብቻ ነበር። መምህር ጌታነህ ከመሪጌታ ጋር ተቃቅፈው ቆዩ። እኔን በሁለት እጃቸው ጨበጡኝና፣ «አንቺም እንዳትነግሪኝ» አሉኝ። እትዬ አስካለ ክንዳቸውን ይዘው በዝግታ ወደ ቤት ወሰዷቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ሳምንት ዛሬም ይገርመኛል። ሞላሌ ሁለቱን ቁጥሮች በቃሏ ታውቃለች። አዳራሽ የነበረው ሁሉ ላልነበረው ነግሯል፤ ልጆች ደብተራቸው ላይ አባዝተዋቸዋል። መምህር ጌታነህ በመንገድ ሲያልፉ ግን ወሬ ሁሉ ይቋረጥ ነበር። አንድ ሰካራም ጠላ ቤት በር ላይ፣ «ሃያ አንድ ሺህ…» ብሎ ሲጀምር ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ተነሥቶ አፉን በጨርቅ ያዘው። ደብተሮቻቸው አልተመለሱላቸውም፤ አዲስ ገዝተው ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ጎንበስ ብለው ሲጽፉ ሰው በሩቁ ዞሮ ያልፋል።

አንድ ቀን ስድስተኛ ክፍል እያስተማርኩ በሩ ተከፈተ። መምህር ጌታነህ ናቸው። ሳይፈቀድላቸው ክፍል የማይገቡ ሰው፣ ቀጥ ብለው ወደ ሰሌዳው ሄዱና የጻፍኩትን የአገሮች ስም አጥፍተው ሁለቱን ቁጥሮች ጻፉ። ዞረው ልጆቹን አዩ። አርባ ልጅ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ያንን በጆሮ ሲንሾካሾኩ የከረሙ፣ እንደ አዲስ አፋቸውን ከፍተው ሰሌዳውን ተመለከቱ። «ማን ያረጋግጥልኛል?» አሉ መምህር ጌታነህ። አንዲት ረጅም ልጅ ወጣች። መልሱን እንደማታውቅ ሆና፣ እያንዳንዱን ዓምድ በዝግታ እየደመረች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆም ብላ እያሰበች፣ አሥራ አንዱን አንዶች አወጣች። ክፍሉ አጨበጨበ። እሳቸው ኮታቸውን ቆልፈው ከአንገታቸው ዝቅ አሉ።

ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ ሁለታችን ቀረን። «አንቺ በስንተኛው ቀን አገኘሽው?» አሉኝ።

ውሸት መናገር ይቀለኝ ነበር። «እኔ አላገኘሁትም» አልኳቸው። «ሐሙስ ደርሼበት ነበር፤ ስቀንስ ተሳሳትኩና አንድ ሺህ ተረፈኝ። አልፌው ሄድኩ። ያገኙት መሪጌታ ናቸው፣ አርብ ጎህ ሲቀድ።»

ጠመኔውን በጣቶቻቸው መካከል ያንከባልሉት ነበር። በመስኮቱ የልጆቹ ጫጫታ ይገባል። አርብ፣ ቀትር፣ መኪና፤ ሁሉንም በልባቸው ሲያሰሉ ይታየኝ ነበር። ፊታቸውን ማየት አቅቶኝ ጫማዬን አየሁ።

በመጨረሻ ወደ ሰሌዳው ዞረው ከሁለቱ ቁጥሮች ሥር አንድ፣ አንድ እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ቆጠርኩ፤ አሥራ ሰባት ናቸው።

«ቅዳሜ ነይ» አሉኝ። «አንቺ ታካፍያለሽ፣ እኔ አርማለሁ። ከዚያ እኔ አካፍላለሁ፣ አንቺ ታርሚያለሽ።»